ጌታ እዚህ ላይ ዘጋብኝ

ነቢይ ካሣሁን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ «ጌታ እዚህ ላይ ዘጋብኝ» ሲል አቢግያ አንገቷን ቀና አደረገች። ካሣሁንን አንቱ እንድለው የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሏል። እሷም ብትሆን እስከዚያች እሑድ ድረስ «ነቢዩ እንዲህ አሉ፣ ነቢዩ እንዲያ አሉ» የምትል ጨዋ ሴት ነበረች። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከላዩ ጂም ባለበት ፎቅ ሥር ለአምልኮ የተከራዩት አዳራሽ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው አንቱታው ከልቧ ሙልጭ ብሎ የወጣው።

ነቢዩ በአምልኮው መሀል ሰው ይጠራል። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ የስልኩን የመጨረሻ ቁጥሮች፣ ቀጥሎ ሰፈሩን፣ በመጨረሻ ጉዳዩን። ሰዉ የስልኩ ቁጥር ሲጠራ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ወለል ላይ ይዘረራል። እግዚአብሔር የሰውን ልብ እንጂ የሰውን ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ የለም። በዚያን ዕለት መጀመሪያ የተጠራው ሐብታሙ የሚባል የታክሲ ሹፌር ነበር። ኪሊማኒ እንደሚኖር ተነገረው፤ ወንድሙ ጁባ እንደታሰረ ተነገረው፤ ያሳሰረው የገዛ ሸሪኩ እንደሆነ ተነገረው። ልክ የሸሪኩ ስም ሊወጣ ሲል ነቢዩ ግንባሩን ያዘና ጌታ እዚህ ላይ ዘጋብኝ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

አቢግያ ግን እጇን ከጭብጨባ መለሰች። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ጉዳይ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣችው ራሷ ናት።

እንጀራዋ ሎግ ነው። ሎግ ማለት ፕሮግራም ሲሠራ የዋለውን ሁሉ ለሠሪዎቹ እየጻፈ የሚያስቀምጥበት የውሎ ዘገባ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ የሚታወቀው ከዚያ ነው። አቢግያ ዝርክርክ ሎግ አትወድም። «ችግር ተፈጥሯል» የሚል መስመር ካየች ቀኑን ሙሉ ትነጫነጫለች፤ የማን ችግር? የት? በምን ምክንያት? ብላ። በእሷ እጅ የገባ ሎግ ግን ሁሉም ነገር በየስሙ፣ በየቦታው ይቀመጣል፤ ማንም ዓይን ያለው ሰው ቁልቁል እያየ የፈለገውን ያገኛል። የቢሮ ጓደኞቿ ቤትሽ ውስጥ ማንኪያዎቹም ስም አላቸው ወይ እያሉ ይቀልዱባታል።

ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ «የጸሎት መስመር» የሚሉት የስልክ አፕ አላት። ሰው ለባሉ፣ ለሚስቱ፣ ለመጋቢው እንኳ መናገር የሚያፍረውን ጉዳይ እዚያ ላይ ይጽፋል። ጽሑፉ ያለ ስም ለጥቂት የጸሎት እናቶች ይደርሳቸዋል፤ እነሱም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ተንበርክከው ይጸልዩበታል። አፑን የሠራው ሃብነት ነው፤ ናይሮቢ ያደገ፣ ሦስት ቋንቋ ባንድ አረፍተ ነገር የሚያማታ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው። ታዲያ አንድ ሰሞን የአማርኛው ፊደል በአንዳንድ ስልኮች ላይ እየተሰባበረ፣ የሰው ጸሎት የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ብቻ ሆኖ ይደርስ ጀመር። የጸሎት እናቶቹም ምስኪኖች፣ ጌታ ያውቀዋል ብለው በጥያቄ ምልክት ላይ ሲያለቅሱ ከረሙ።

ሃብነት ቢጨንቀው አቢግያን ጠራት። ሎጉን ስታየው ጉድ ነው፤ «መልእክት መጣ፣ መልእክት ሄደ» ብቻ። አፈረሰችና እንደገና ሠራችው። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ጉዳይ። ፊደሉ የት ጋ እንደሚሰበር ለማየትም ጸሎቱ ራሱ ሎጉ ላይ እንዲጻፍ አደረገች። ረጅም ጸሎት ሎጉን እንዳያንዛዛው ደግሞ ሁለት መስመር ያህል ከሄደ በኋላ ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ አዘዘችው፤ ፊደሉን ለማየት ያ ይበቃል። ፊደሉ ተገኘ፣ ተጠገነ፣ እናቶቹም ጸሎቱን ማንበብ ቻሉ። ከዚያ ለሃብነት፣ የሰው ምስጢር ነውና የጸሎቱን ጽሑፍ ከሎጉ አውጣው አለችው። እሺ አላት፤ አወጣሁት አላት። አመነችው። አይ ማመን!

ወደ እሑዷ ልመልሳችሁ። ከሐብታሙ ቀጥሎ የተጠራችው ፋንቱ ነበረች።

ፋንቱ የአቢግያ የእናቷ እህት ናት። እናቷ ስትሞት ከአዲስ አበባ አስመጥታ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቷ አሳድጋ፣ የሰው ቀሚስ እየሰፋች እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰቻት እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ ከፊት ረድፍ ተነሣች። የስልኳ ቁጥር ተጠራ፤ ሳውዝ ሲ ተባለ። ከዚያ ነቢዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የስኳር በሽታ አያለሁ አለ፤ ለማንም አልተናገርሽም አለ፤ መርፌ አያለሁ፣ በየቀኑ መወጋቱ ሰልችቶሻል፣ ልታቆሚው ፈልገሻል አለ። እዚያ ላይ ጌታ ዘጋበት። ግን በባዶ እጇ ሊሰዳት አልወደደም መሰለኝ፣ ከራሱ ጨመረላት።

«የልብሽን ፈቃድ ፈቅዶልሻል። ከዛሬ ጀምሮ መርፌ የሚባል አትንኪ። ነጻ ነሽ!»

ፋንቱ ወደቀች። አቢግያ ከኋላ ሆና አክስቷ ስኳር እንዳለባት የሰማችው በዚህ ዓይነት፣ ከመቶ ሰው ጋር እኩል፣ በድምፅ ማጉያ ነው።

አምልኮው ሳያልቅ ወጥታ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ሎጉ እንዳለ አለ። የጸሎቱ ጽሑፍ እንዳለ አለ። ይባስ ብሎ ከስልክ የሚከፈት ገጽ ተሠርቶለታል፤ ገጹን ለማየት የተፈቀደለትም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ካሣሁን። የፋንቱን መስመር አገኘችው። «ጌታ ሆይ፣ ስኳር እንዳለብኝ ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ መርፌ መወጋቱ ሰልችቶኛል፣ አሁንስ ላቆመው ፈል» ይላል፤ እዚያ ላይ ተቆርጧል። ሙሉውን ጸሎት ከተቀመጠበት አውጥታ አነበበች። «ላቆመው ፈልጌ ነበር፤ ግን የሰይጣን ፈተና ነው። እባክህ እንዳላቆመው አበርታኝ» ይል ነበር።

ሴትዮዋ አበርታኝ ብላ የለመነችው፣ አቁሚ ተብሎ ተመለሰላት። የቆረጠው የአቢግያ መቀስ ነው፤ ያነበበው ያ ቆሻሻ ነው። እኔ ይህን ሳወራ እንኳ አፌ ይመረኛል።

ሃብነትን መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችው። አልካደም፤ ቢክድ ምናለ! ነቢዩ ለሚጸልዩላቸው ሰዎች ሸክም ስላላቸው ትንሽ ዝርዝር ጠይቀውት እንደነበር፣ የእግዚአብሔር ሰው ሲጠይቅ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ ነገራት። ስልኩን እያሽከረከረ፣ ያችን ፈገግታውን ሳያጠፋ ነው የሚያወራው።

«ቱሊያ አቢ፣ ተረጋጊ፤ ማን ተጎዳ? ሰው እኮ እየተባረከ ነው» አላት። «ደሞ እኮ ፎርማቱን ያሳመርሽው አንቺ ነሽ። የድሮውን ሳሳያቸው ምንም አይገባቸውም ነበር።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ግን እውነትም አለበት፤ የከረፋትም እውነትነቱ ነው። ያን ዝርክርክ ሎግ አንድ ነቢይ ቀርቶ ሠሪው ራሱ አያነበውም ነበር። ለማንም ዓይን ላለው ሰው እንዲነበብ አድርጋ፣ አጣጥባ፣ በየቦታው ደርድራ ያቀረበችለት እሷ ናት። ለሽማግሌዎች እንዳትነግር የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የነቢዩ አማች ነው። በዚያን ሰዓት ግን ስለ ነቢዩ ማሰብ አልቻለችም፤ ፋንቱ መርፌውን ሳትጥል መድረስ ነበረባት።

በቦዳ ሞተር ሳይክል የሞምባሳን አውራ ጎዳና ሰንጥቃ ሳውዝ ሲ ደረሰች። ፋንቱ ሶፋዋ ላይ ተደላድላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ፣ ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ብስኩት በላይ በላዩ እየበላች አገኘቻት። ስንት ዘመን የተከለከለችውን ጣፋጭ አፏ ውስጥ እያገላበጠች፣ ፊቷ በርቶ፣ ነይ ብዪ አለቻት። አቢግያ ሳህኑን ከፊቷ አነሣችና ላፕቶፑን በቦታው አስቀመጠችው። ሁሉንም ነገረቻት። ነቢዩ ከየት እንደሚያነብ፣ ማን እንደሰጠው፣ ለምን ቃሉ መሀል ላይ እንደሚዘጋበት፣ የቆረጠችውም እሷ ራሷ እንደሆነች አንድም ሳትደብቅ ተናገረች።

ፋንቱ መነጽሯን አድርጋ የገዛ ቃሏን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መቁረጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀሪው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ቆርጬው ነው አለቻት አቢግያ። አቢግያ አሁን ትነሣለች፣ አሁን ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። ፋንቱ ግን መነጽሯን አወለቀችና ኮምፒውተሩን በፍቅር ዳበሰችው።

«እኔ አበርታኝ አልኩት፤ እሱ ገላገለኝ። ከለመኑት በላይ የሚሰጥ አምላክ ነው» አለች። «በበለዓም አህያ የተናገረ ጌታ፣ በአንቺ ኮምፒውተር ቢናገር ምን ይገርማል?»

አቢግያ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሐኪም ጠርታ በስልክ አናገረቻት። ፋንቱ ሐኪሙን በትሕትና ሰምታ ስልኩን ዘጋችበት። መርፌዎቹን የቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቃ ነበር የኖረችው፤ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ላይ ወርውራ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስለ ዳዋ፣ ስለ መድኃኒት እንዳይነሣ ብላ ከለከለች። ደግመሽ የእግዚአብሔርን ሰው ብትነኪ ቤቴ አትምጪ አለቻት። ያሳደገች አክስት እንዲህ ካለች ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባልተርክላችሁ በወደድኩ። ፋንቱ ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ጎረቤቶቿ ሲመጡ ከሳሁ፣ ቀለለኝ፣ ይህም ፈውስ ነው ትላለች፤ እነሱም አሜን ይላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት አቢግያ ስትመጣ ፋንቱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካልሲ አድርጋለች። ቤቱ ውስጥ አንድ ሽታ አለ፤ በቅባት ሊሸፍኑት የሞከሩት ሽታ። አቢግያ ካልሲውን ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገችው። ከአውራ ጣቷ ሥር ጫማ የላጠው የሚመስል ቁስል ጠርዙ ጠቁሮ፣ መሀሉ ረጥቦ ተከፍቷል። ካልሲውን እንደነበረ መልሳ፣ ኩሽና ገብታ፣ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

አክስቷ የማንን ቃል እንደምትሰማ አሁን ታውቃለች። የሐኪም አይደለም፤ የእሷም አይደለም። የምትሰማው የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚናገረው የሚያነበውን ነው።

እዚያው የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። ፊደሉን ስትጠግን፣ በማንም ሰው ስም ሎጉ ላይ መስመር የምታስገባበት የመሞከሪያ መንገድ ሠርታ ነበር። ለጸሎት እናቶቹ ሳይደርስ፣ ካሣሁን የሚያየው ገጽ ላይ ብቻ እንዲወጣ አደረገችው። ስም፣ ፋንቱ። ስልክ፣ የፋንቱ። ሰፈር፣ ሳውዝ ሲ። ጉዳዩን ለመጻፍ ግን ጣቷ እምቢ አላት። የሰውን ስም ወስዶ፣ በሰው አፍ ለእግዚአብሔር መጻፍ! ካሣሁን የሚሠራውን ሥራ እኮ ነው የምሠራው አለች ለራሷ፤ ከሳሎን የፋንቱ ማቃሰት ሲሰማት ግን ጻፈችው። እንደ ካሣሁን ያለ ፈሪን ምን እንደሚያስፈራው ታውቃለች፤ መቁረጫው ጋ ሳይደርስ እንዲያልቅም አድርጋ አሳጠረችው። «ነቢዩ መርፌውን አቁሚ ካሉኝ ወዲህ እግሬ ቆስሎ ሸተተ። ሐኪሙ ማን እንዳስቆመሽ ስሙን ስጪኝ፣ ለመንግሥት አሳውቃለሁ እያለኝ ነው» የሚል ነበር።

እሑድ ነቢዩ ለወትሮው ከሚጠራበት ሰዓት ቀድሞ ጀመረ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑን እንኳ በቅጡ አልጨፈነም። ሌላ ሰው ሳያስቀድም ፋንቱን ጠራት። የስልኳን ቁጥር ጠራ፤ ሳውዝ ሲ አለ።

«እግርሽን ጌታ አሳየኝ። ቁስል አለ» አለ። «ሐኪምንም የፈጠረ እርሱ ነው። መርፌውን ዛሬውኑ ጀምሪ ይላል ጌታ። የሆነልሽን ነገር ደግሞ ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አትናገሪ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ አቁሚ ባለበት አፉ ጀምሪ ሲል ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሰዉም እሑድ ለእሑድ የተገለበጠውን ቃል አላስተዋለም፤ ያው እልልታ፣ ያው ጭብጨባ። አቢግያ እዚያ መሀል ቆማ፣ የገዛ ቃሏ በማይክ ተነግሮ፣ አሜን ተብሎለት፣ ከበሮ ሲመታለት ሰማች። ሰውነቷ ሁሉ አስጠላት።

ፋንቱ እያነከሰች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ በእንባ መሀል አየቻት።

«ስለ እግሬ ለማን ነገርኩ? ካልሲዬን ፊትሽ አውልቄ አላውቅም። ያን ነገር ካሳየሽኝ ወዲህ አፑንም ነክቼው አላውቅም፤ አንድ ቃል አልጻፍኩም» አለቻት። «በይ ንገሪኝ አቢዬ፣ ይሄንንስ ከየት አነበበው?»

መልሱ አቢግያ ምላስ ላይ ነበር። ብትተፋው መርፌው ተመልሶ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

«እውነትሽን ነው አክስቴ፤ ጌታ ነው» አለች።

ከአዳራሹ በቀጥታ ክሊኒክ ሄዱ። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች፣ ጥቂት ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ እግሩ ራሱ ይቆረጥ ነበር ብላ በስዋሂሊ ተቆጣቻቸው። ቤት ሲገቡ ፋንቱ ቆርቆሮውን ራሷ አስወረደች፤ ሆዷን ገልጣ፣ እየዘመረች ተወጋች። አቢግያ ይህን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን የከፈተችው። የካሣሁንን ገጽ ልትዘጋ ነው። ሎጉን ልታጸዳ፣ የተዘረፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ልትነግር፣ ሃብነትንም ነቢዩንም አደባባይ ልታወጣ ነው። እስካሁን ገጹን ሳትዘጋ ያን ሁሉ ጭቃ የዋጠችው አክስቷ መርፌውን እስክትጀምር ብላ ነው።

ፋንቱ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ድምፅዋ በደስታ ሰክኖ ታወራለች። መርፌውን በራሷ ፈቃድ እንደማትቀጥል፣ ከእንግዲህ በቃሉ ብቻ እንደምትኖር ነገረቻት።

«እሑድ እሑድ ነቢዩ በርቺ ካለኝ እወጋለሁ። ዝም ካለኝ ግን በቃሽ ብሎኛል ማለት ነው» አለች።

አቢግያ ቀና ብላ አየቻት፤ ቀልድ የለበትም። ማያ ገጹ ላይ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ አዲስ መስመር ወረደ። ስም፣ ጽጌረዳ። ስልክ። ሰፈር፣ ኪሊማኒ። ጉዳይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ባሌ ሳያውቅ ያደረግሁትን አንተ ታውቃለህ፤ ልጁ የእሱ» ይልና ይቆረጣል።

ጽጌረዳን ታውቃታለች፤ መዘምራን ውስጥ አብረው ይቆማሉ። የመዝጊያው ቁልፍ ጣቷ ሥር ነበር፤ ግን ገጹ ከተዘጋ ነቢዩ የሚያነበው የለውም፣ የፋንቱ ብቻ ከቀረም ይነቃል። ጣቷን አነሣች፤ የጽጌረዳን መስመር እንዳለ ተወችው፤ ከሥሩ የፋንቱን ስም ጻፈች።